አሥራ አምስት ምድር የሚያህል ነበልባል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከወንዝ ማዶ ለምትኖሪው ለአክስቴ የልጅ ልጅ ለየምስራች፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጤናሽ አይጓደል፣ የቨርጂኒያ ትራፊክም ይራራልሽ። እኛ ከእኔ ጉልበትና ከእታለማሁ ምላስ በቀር ደህና ነን።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ አቤቱታ አለኝ። ልጄ፣ ፖስታ የምታሽጊው ከማን ለመደበቅ ነው? የላክሽልኝን የልደት ካርድ ለመክፈት መጀመሪያ በጥፍሬ፣ ቀጥሎ በመቀስ፣ በመጨረሻ በዳቦ ቢላ ታግያለሁ። ዙሪያውን በፕላስተር ጠምጥመሽዋል። እታለማሁ አየችውና «ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ፖስታም ያክማል እንዴ? የቱ ጋ ነው የቆሰለው?» አለች። ካርዱ በመጨረሻ ሲወጣ «መልካም» የሚለው በግራ እጄ፣ «ልደት» የሚለው በቀኝ እጄ ቀረ። ከኀዘኔ ብዛት እህል አልቀመስኩም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እታለማሁ ከትከሻዬ በላይ ስለምታነብ ተውኩት።

አቤቱታዬ እዚህ ላይ አበቃ። ለምን በስልክ አትነግረኝም እንዳትዪኝ። አንቺ ስትደውዪ እኔ ፓርኪንግ ሎት ነኝ፤ እኔ ስደውል አንቺ ከናይት ሺፍት ገብተሽ ተኝተሻል። ደግሞ የማማክርሽ ነገር በማስመሪያ የሚለካ ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ በጣት ሲነኩት ያብጣል፣ ሲለቁት ይሟሽሻል፤ እንዲህ ካለ ነገር ጋር ማስመሪያ አይስማማም።

ፓርኪንግ ሎት ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ እየገባች ስታስቸግረኝ ኖራለች፤ ጡረታ ስወጣ አሁን ደግሞ እኔ ላፍጥባት ብዬ ከአንድ የጌይተርስበርግ ሰውዬ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ገዝቼ እዚያ መትከል ጀመርኩ። ከአንድ ዓይነት ቀይ ብርሃን በቀር ሌላውን ሁሉ የሚከለክል ማጣሪያ አለው። በእሱ ሲታይ ፀሐይ እንደ ብርቱካን ክብ ብላ ትቀመጣለች፤ ከጠርዟ ላይ ደግሞ እሳት የመሰለ ነገር ተነሥቶ ይቆማል። ፈረንጆቹ ፕሮሚነንስ ይሉታል። የጋለ ጋዝ ነው እንጂ እሳት አይደለም ይላሉ፤ እኔ ግን ነበልባል እለዋለሁ፣ የሚከሰኝ ካለ ይምጣ።

በሚያዝያ አንድ ግዙፍ ነበልባል በካሜራዬ ያዝኩ። አንቺ ሰፈር አሌክሳንድሪያ ባነር የሚያትመው ዓብዩ ትልቅ አድርጎ አተመልኝና የዕድራችን የቤተሰብ ቀን ላይ አዳራሽ ውስጥ ሰቀልኩት። ከዚያ ማይክሮፎን ይዤ አስረዳሁ። ፀሐይን ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት መቶ ዘጠኝ ምድሮች መደርደር አለባቸው። ስለዚህ ባነሩ ላይ ያለችውን ፀሐይ ለክተሽ ለመቶ ዘጠኝ ብታካፍዪ የአንዲት ምድር ስፋት ይወጣልሻል። የቀረው ነበልባሉ ውስጥ ስንት ምድር እንደሚገባ ማየት ነው። ሕዝብ ፊት ለካሁት። አሥራ አምስት! አሥራ አምስት ምድር አንዷ በአንዷ ላይ ተደራርባ! ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላ ወንበር አንድ ሰው የተነሣው። መምህር ወልደአምላክ ይባላል፤ ስፕሪንግፊልድ ነው የሚኖረው። ደሴ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ አሁንም እያስተማረ ይመስለዋል። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና «አቶ አሥራት፣ አንደኛ፣ ከምድር የሚበልጥ ነበልባል የለም፣ አይኖርምም። ሁለተኛ፣ ይህ የሰቀልከው ፀሐይ ሳይሆን እንቁላል ነው» አለኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ከነአስኳሉ ነው!» ያለ አለ። «ጠብሰህ አብላና!» ያለ አለ። እታለማሁ፣ የገዛ ሚስቴ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከወልደአምላክ ጋር ሰላምታ የለንም። የቤቴን ደፍ አይረግጥም ብዬ ምያለሁ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ያልተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የምትለኪ ልጅ ነሽ፤ ባነሩን ልላክልሽና ለክተሽ «አሥራ አምስት ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። አስጠርዤ ስፕሪንግፊልድ እልክለታለሁ።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይከተልሽ።
አጎትሽ አሥራት


አሌክሳንድሪያ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ አሥራት፤

አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬ እርስዎና እትዬ እታለማሁ ካላችሁበት ይድረስ። እኔ ከእንቅልፍ እጦት በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ስለ ፕላስተሩ ይቅርታ። ይህኛውን ፖስታ በምራቅ ብቻ ዘግቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ቢከፈት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

የአዳራሹን ነገር አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩት። ባነሩን ይላኩልኝ፣ እለካለሁ።

እኔም አንድ ጉዳይ አለኝ። አባቴ በሕይወት እንደሌለ፣ እናቴም ደብረ ብርሃን እንዳለች እርስዎ ያውቃሉ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ደለስ ኤርፖርት ስሜን በካርቶን ጽፈው፣ ከስሜ ሥር ደግሞ «ሻንጣዋ ከእሷ ይበልጣል» ብለው የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ አገር አባቴ እርስዎ ስለሆኑ ሽማግሌ የሚላከውም ወደ እርስዎ ነው።

ልጁ ዕዝራ ይባላል። ያውቁታል። ባለፈው በጋ ኤሲያችሁን የሠራው ነው። ያኔ እንዲሁ የማውቀው ባለሙያ ነው ብዬ ነበር፤ ትንሽ ከዚያ በላይ አውቀው ነበር። ከፍልሰታ ጾም በኋላ እሑድ ነሐሴ 18 ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት እየተቀቡ ነው?

እትዬን ይሳሙልኝ።
አክባሪዎ የምስራች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሽራዪቱ፤

እልል! እታለማሁ እልል ስትል ታች ያሉት ጎረቤቶች ፖሊስ ሊጠሩ ነበር። የእናትሽን ጸሎት የሰማ አምላክ ይመስገን፤ ትዳርሽን የሰመረ፣ ቤትሽን የሞላ ያድርገው።

ዕዝራን እወደዋለሁ። ኤሲውን ሠርቶ ሲጨርስ ና እስቲ እይ ብዬ በቴሌስኮፑ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «ኧረ!» ብሎ ዝም አለ። ሌላው ሰው በዚያ ቴሌስኮፕ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ በስንት ብር እንደገዛሁት ነው። «ኧረ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ጥሩ ባል ይሆናል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «ሦስት ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሽማግሌና ጉልበቴን ምን አገናኛቸው? ስማቸውን ስሰማ እንዳልሮጥ ነው? ሦስት ጨዋ ሰዎች አንድ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ አይቼ ስለማላውቅ ከእናንተው አገር ከቨርጂኒያ መሆን አለባቸው። እስቲ ስም ስማቸውን ጻፊልኝ። ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ እሺ እስኪባል ድረስ ቆሞ እንደሚቆይ ታውቂያለሽ፤ እኔም ሳሎኔ ውስጥ በደንብ ላቆማቸው አስቤያለሁና ዕድሜያቸውን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ራሱን ስቶ የሚወድቅብኝ ሰው አልፈልግም።

ባነሩን በምንጣፍ መጠቅለያ ካርቶን ከትቼ ልኬልሻለሁ። ፖስታ ቤት ልጅቷ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ፀሐይ» አልኳት። «የሚሰበር ነገር ነው?» አለችኝ። «እስካሁን የተሰበረው የእኔ ስም ብቻ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። በአማርኛ ስለነበር ይሆናል።

አጎትሽ አሥራት


አሌክሳንድሪያ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ አሥራት፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ፈርቻለሁ እንጂ።

ባነሩ ደርሷል። በሬ ላይ ተገትሮ ስላገኘችው ጎረቤቴ ምንጣፍ የገዛሁ መስሏት እንኳን ደስ አለሽ ብላኛለች። ገና አልፈታሁትም።

ስማቸውን ጠይቀውኛል። አንደኛው ሄርንደን የሚኖሩት አቶ ኪዳኔ ናቸው። ሁለተኛው ቀሲስ አበጀ ናቸው። ሦስተኛው የዕዝራ አጎት ናቸው። የዕዝራ አባት ሲሞት ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ወደዚህም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ንግግሩንም የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው።

መምህር ወልደአምላክ ናቸው።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ዕዝራ አጠገቤ ነበር። «ስፕሪንግፊልድ ነው የሚኖረው» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴን አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ልነግርዎት ነበር፤ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ጋሼ፣ እባክዎን አይቆጡ። ቢቆጡም በቶሎ ተቆጥተው በቶሎ ይጨርሱልኝ።

አክባሪዎ የምስራች


አሌክሳንድሪያ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ አሥራት፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። መልስ አልደረሰኝም።

ስደውል እትዬ እታለማሁ አንስታ «ፓርኪንግ ሎት ነው» ትለኛለች። ሰኞ ዕለት ጎርፍ መንገድ ሲዘጋም ፓርኪንግ ሎት ነበሩ። ከኋላ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ቀንስ ስትልዎት ሰምቻለሁ።

ዕዝራ ያለ አጎቱ ሽማግሌ አይልክም፤ ያሳደጉትን ሰው ቤት አስቀምጦ ሌላ ቢልክ ዕድሜ ልኩን ያፍራል። እኔም ያለ እርስዎ እሺታ አላገባም። እናቴን በስልክ ብጠይቃት «አሥራት ያለው ይሁን» አለችኝ። እንግዲህ ይበሉልኝ።

የምስራች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት የምስራች
አሌክሳንድሪያ

ጉዳዩ፦ እንቁላልን ይመለከታል

ሐምሌ 6 እና ሐምሌ 27 ቀን በተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች ለቀረበልን ጥያቄ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

መምህር ወልደአምላክ ወደ ቤታችን መግባት የሚችለው ቀሲስ አበጀና አቶ ኪዳኔ በተገኙበት፣ ኮቱን ቆልፎ ቆሞ፣ ስለ ልጅ አንድም ቃል ከመተንፈሱ አስቀድሞ «አቶ አሥራት፣ ነበልባሉ አሥራ አምስት ምድር ነው፤ ፀሐይዋም ፀሐይ ነች» ሲል ነው። ይህን ካላለ ደረጃው ላይ ይቀራል፤ ሠርጉም እዚያው ደረጃው ላይ ይቀራል። እንዲልም ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባነሩን ፈትተሽ፣ ለክተሽ፣ ውጤቱን በጽሑፍ እንድታቀርቢ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
አሥራት፣ የቤቱ ባለቤት

ልጄ የምስራች፣ ይህን ከሥሩ የጻፍኩት እኔ እታለማሁ ነኝ። የቤቱ ባለቤት ነኝ ያለውን እንዳታምኚ። ግን ቁም ነገሩን አምርሯል፤ እንደ ወትሮው ቀልዶ የሚረሳው አይደለም። አዳራሽ ውስጥ የሳቅኩበትን እኔንም ገና አልማረኝም። ያንን ለክቶ «አሥራ አምስት» ሲል ፊቱን ብታዪው! ስንጋባ እንኳ እንደዚያ አልሆነም። አንቺ ሥራሽን ሥሪና የሆነውን ጻፊለት። ጾምሽን ጠንክሪ።


አሌክሳንድሪያ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ አሥራት፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን። እትዬም ለጨመረችው ጽሑፍ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለካሁት።

ቅዳሜ ከዕዝራ ጋር ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋነው። እየተጠቀለለ ስላስቸገረን አራቱን ማዕዘን በጫማ ያዝነው። እሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። ፀሐይዋ ከላይ እስከ ታች ስልሳ ሴንቲ ሜትር ነች። ከግራ ወደ ቀኝ ግን ዘጠና። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና እንቁላል ነች።

ዓብዩ ሱቅ ሄድኩ። «ዓብዩ፣ የጋሼ አሥራትን ፀሐይ ምን አደረግካት?» አልኩት።

«ፎቶው እኩል በእኩል ነበር፣ ባነሩ ግን ረዥም ነው» አለኝ። «ታዲያ ግራና ቀኙ ባዶ ይቅር? ሳብ አደረግኩት።»

«ትስባለህ እንዴ?»

«ሁሉንም እስባለሁ። ሙሽራ እስባለሁ፣ ተመራቂ እስባለሁ፣ አቡን ስቤ አውቃለሁ። ቅር ያለው የለም፤ ትከሻቸው ይሰፋል።»

ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን ናሙናዎች ቀና ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ባለፈው ዓመት እኛ ሰፈር የተዳረው ሙሽራ ሁሉ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን ነው።

አሥራ አምስት የመጣውም ከዚሁ ነው። አዳራሹ ውስጥ የፀሐይዋን ግራ ጎን ስፒከሩ ሸፍኖት ስለነበር እርስዎ የለኳት ከላይ ወደ ታች ነው። እትዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ነበልባሉን ግን የለኩት ወደ ጎን ነው። ምድርን ካልተሳበው አቅጣጫ ወሰዱ፣ ነበልባሉን ከተሳበው። ሁለቱንም ወደ ጎን ብንለካ ዘጠና ለመቶ ዘጠኝ ሲካፈል አንዲት ምድር ስምንት ሚሊ ሜትር ከትንሽ ትሆናለች። ነበልባሉ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሩብ ነው። አሥር ይወጣል። እንቁላልም ሆና እውነቱን ትናገራለች፤ ሜትሩ ለሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከተዘረጋ።

አሥር ነው ጋሼ።

ዕዝራ ይህን ሲያይ ትንሽ አሰበና «አሥራ ሁለት ብንላቸውስ? ሁለቱም ብዙ አይከፋቸውም» አለኝ። ሽምግልና በዘራቸው ነው መሰለኝ። እኔም አሥራ አምስት ብዬ ብጽፍልዎት ሠርጌን እንደማገኝ አውቃለሁ፤ አንድ መስመር ነች። ግን እናቶች በየቀኑ «ደህና ነው? አድጓል?» እያሉ አፍ አፌን ያዩኛል። እነሱን ደስ እንዲላቸው ብዬ አንድ ሚሊ ሜትር ጨምሬ አላውቅም። ለእርስዎ አምስት ምድር ብጨምር ነገ ለማን ነው የማልጨምረው?

መምህር ወልደአምላክንም አልማርኳቸውም። ከዕዝራ ጋር ስፕሪንግፊልድ ድረስ ሄጄ «ከምድር የሚበልጥ ነበልባል የለም ያሉት ስሕተት ነው፤ ይህኛው አሥር ምድር ነው» አልኳቸው። ከዚያ ዕዝራን «ያልተሳበው ፎቶ አለህ?» አሉት። እትዬ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን በስልኳ አንስታ የላከችለት ነበረውና ወደ ስልካቸው ላከላቸው።

እሑድ ነሐሴ 18 ሽማግሌ ይምጣ ወይስ ይቅር? እሺም ይሁን እምቢ ከእርስዎ እጅ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎና ልጅዎ
የምስራች


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምስት ምድር ለዘረፍሽኝ ለየምስራች፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ብትሰርቂም ልጄ ነሽ።

አሥር። ይኸው ጻፍኩት። ቁጥሩን ራሱን ሳየው ቅር ይለኛል፤ አንድና ባዶ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርስ አላመንኩሽም። ያንን ግድግዳው ላይ ያለውን ያልተሳበ ፎቶ አውርጄ ራሴ ለካሁ። ፀሐይዋ በሁሉም በኩል ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው። ለመቶ ዘጠኝ አካፈልኩ፤ ምድር ሁለት ሚሊ ሜትር። ነበልባሉ ሃያ ሚሊ ሜትር። ማስመሪያውን ገልብጬ ለካሁ፤ ሃያ። መነጽር ቀይሬ ለካሁ፤ ሃያ። በእታለማሁ መነጽር ለካሁ፤ ጭራሽ አልታይ አለኝ። እታለማሁ «ሰውዬ፣ አሥር ምድር አነሰህ? አንዷንስ መቼ ዞረህ ጨረስካት? ሪችመንድ ውሰደኝ ካልኩህ ስንት ዓመት ሆነኝ?» አለችኝ።

ከዚያ ዓብዩ ጋ ልጣላ ድልድዩን ተሻግሬ ነበር። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ጋሽ አሥራት! የሠርጉን ባነር ሊያዙ ነው?» ብሎ አቀፈኝ። ተቀብሎ ከሚያቅፍ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? ይልቅ የአንቺንና የዕዝራን ፎቶ የሳበ እንደሆነ ሱቁን ከነመቀሱ እንደምዘጋው ነግሬው ተመለስኩ።

አዎ፣ አሁን የምትዪው አልጠፋኝም። ፎቶሽን እንዳይስብ ነገርኩት አልኩ እንጂ ሠርጉ አለ አላልኩም። በዓብዩ ፊት ምላሴ ቀድሞኝ ነው።

አሁን የወልደአምላክን ነገር በጥሞና እናስብ። እንቁላል ያለው ልክ ነው፤ እንቁላል ነበረች። ይህን የምለው ላንቺ ብቻ ነው። ከምድር የሚበልጥ የለም ያለው ደግሞ ገደል የገባ ነው፤ በአሥር እጥፍ ነው የተሳሳተው። እኔ የተሳሳትኩት በአምስት ምድር፣ እሱ የተሳሳተው በዘጠኝ። ጂኦግራፊ ያስተማረው እሱ፣ አውቶቡስ የነዳሁት እኔ። ሲታይ የእኔ ይሻላል። ግን ይህን ሁሉ ሕዝብ ፊት ተነሥቶ የሚለው ማን ነው? እሱ ይቅርታ አይልም፤ እኔም አልልም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገብተው ሦስተኛው መኪና ውስጥ ቢጠብቅስ ብዬ እታለማሁን ጠየቅኳት። የሰጠችኝን መልስ በጽሑፍ ማስፈር አልችልም፤ ጾም ከማለቁ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን እንዴት እንደዘጋችው ግን ሦስተኛ ፎቅ ያሉትም ሰምተዋል።

እኔ ልጅቱን እምቢ ማለት አልፈልግም። አንቺን እምቢ የሚል አፍ የለኝም። ያቃተኝ በሬን ከፍቼ ያንን ሰው «ይግቡ» ማለት ነው። ገብቶ፣ ቆሞ፣ መነጽሩን ሲጠርግ እያየሁ እንዴት

ቆይ፣ በር ተደወለ። የፖስታ ሰው ይሆናል፣ ይህንኑ ጨርሼ እሰጠዋለሁ።

የምስራች፣ የፖስታ ሰው አይደለም። በቀዳዳው አየሁ። ወልደአምላክ ነው! ብቻውን! ዛሬ ረቡዕ ነው፤ በረቡዕ ሽማግሌ አይመጣም። ኮት አላደረገም፤ ካናቴራና የቤዝቦል ኮፍያ ነው ያደረገው፣ ከስፕሪንግፊልድ እስከዚህ በዚህ ሙቀት። ስልኩን ወደ በሬ ዘርግቶ ቆሟል። ተመልሼ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው፤ እሱ ይደውላል። የተባባልነውን እንዳለ ስሚ።

«ማነው?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«አሥራት፣ አታድርቀኝ። ወልደአምላክ ነኝ።»

«ሽማግሌ እሑድ ነው።»

«ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም። ያቺ ልጅህ አሥር ነው ብላኛለች።»

«እና? ከምድር የሚበልጥ የለም ልትለኝ መጣህ?»

ከዚያ በሩን በጡጫው ደበደበው።

«አሥር አይደለም! አሥራ አንድ ነው! ጫፉ ላይ የደበዘዘችውን ቁራጭ አልቆጠራችኋትም! ሳምንቱን ሙሉ ሳየው ነው የከረምኩት፣ እንቅልፍ ነው ያጣሁት!»

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም ነበልባሉ ካለቀበት በላይ እንደ ጭስ የሳሳች ነገር አለች። ዓይን ካልቀረበ አትታይም። ግን እሷ ትቆጠራለች እንዴ? «እሷማ አትቆጠርም!» ብዬ ከወንበሬ ጮህኩበት። «ለምን አትቆጠርም? ከሥሯ ጋር የተያያዘች ነች! ቴሌስኮፑን አውጣና አሳየኝ፣ ሰማዩ እንደሆነ ጠርቷል!» አለኝ። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ ነው።

እሑድ ይምጡ፣ ሦስቱም። አሁን ማስመሪያዬን የት እንዳስቀመጥኩ ልፈልግና ልክፈትለት።